የታጠፈው መቃን

ወገኖቼ፣ እስቲ ስልካችሁን አውጡና ሰሞኑን የለጠፋችሁትን ፎቶ አተኩራችሁ እዩት። ፊታችሁን ተዉት፤ ከወገባችሁ ኋላ ያለውን የበር መቃን ነው የምላችሁ። ታጥፏል። ቀጥ ያለው እንጨት ወገባችሁ ጋ ሲደርስ ሰርጎድ ብሏል። በፎቶ ማሳመሪያ አፕ ወገባችሁን ለማቅጠን በጣታችሁ ስትገፉት መቃኑም አብሮ ተገፍቷል። ቆዳችሁ ደግሞ አንዲት የላብ ቀዳዳ የላትም፤ እንደ ፕላስቲክ ሳህን ታበራለች። ሰው የማያይ መሰላችሁ?

ድሮ በፋሽን መጽሔቶች ላይ ነበር የምናላክከው። እውነትም ጥፋተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ጂኪው መጽሔት የተዋናይት ኬት ዊንስሌትን እግር አቅጥኖ ሲያወጣ፣ እኔ እንዲህ አልመስልም ብላ ተናግራለች። በ2017 ደግሞ የእንግሊዙ ግራዚያ መጽሔት የተዋናይት ሉፒታ ኒዮንጎን ፀጉር ከኋላ አጥፍቶ፣ የቀረውን አለስልሶ ሽፋኑ ላይ አወጣት። ዝም አላለችም፤ ዋናውንም የተቀየረውንም ፎቶ ለጠፈችው። ልብ በሉ፣ እንደ እንከን የተቆጠረው የገዛ ፀጉሯ ነው!

ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ የሞዴሉ ቅርጽ የተቀየረበት ማስታወቂያ «ኤዲት የተደረገ ፎቶ» ተብሎ እንዲጻፍበት አስገድዳለች። ቅጣቱ 37,500 ዩሮ ይደርሳል። ኖርዌይም በ2022 ተከትላለች። ታዲያ ሶፋችሁ ላይ ጋደም ብላችሁ ወገብ የምትገፉትን እናንተን የትኛው ሕግ ይያዛችሁ? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ፕሮፋይሌ ላይ ጥርሴን ያነጣሁበት፣ ጉንጬን ያጎደልኩበት ጊዜ ነበር። በዚያ ፎቶ ብቻ የሚያውቀኝ ሰው ልንገናኝ ተቀጣጥረን፣ አጠገቤ ደርሶ አልፎኝ ሄደ።

ይኼ እንኳ ያስቃል። የማያስቀው የልጃችሁን ፎቶ ስትነካኩ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ትከሻችሁን ተደግፋ እያየች አፍንጫዋን ታቀጥናላችሁ፣ መልኳን ታነጣላችሁ። ከዚያ «አቤት ስታምሪ!» ትሏታላችሁ። ማንን ነው? ልጅቷ እኮ አጠገባችሁ ናት። ያቀጠናችሁት አፍንጫም የእናታችሁ ነው፤ ከእናንተ ወርዶ ነው እሷ ጋ የደረሰው።

ዋናው ፎቶ ስልካችሁ ውስጥ አለ። ዛሬውኑ እሱን ለጥፉላት። በሩም ይቃና።