ሞኝና ወረቀት

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። እኔ ደግሞ ወረቀት የያዘ ሞኝ ነኝ። የድሮ የፊልም ፖስተር እሰበስባለሁ።

ፖስተር ይሰብሰብ ተብሎ የተሠራ ነገር አይደለም። ፊልሙ እስኪወርድ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ ወይ ይመለሳል ወይ ይጣላል። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤቶች ፖስተር የሚወስዱት በኪራይ ነበር። ከከተማ ከተማ ሲዞር ነፍሱ ይወጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ተብሎ ሲሰበሰብ ስንቱ አብሮ ሄደ። ዛሬ ውድ የሚባለው እንግዲህ ሰው መጣሉን የረሳው ነው። የ1927ቱ «ሜትሮፖሊስ» የጀርመን ፖስተር በ2005 በ690,000 ዶላር ተሸጧል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ዶላሩም።)

ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «አንተ ጋ ያሉትስ ስንት ያወጣሉ?» አለችኝ። ወሬ ቀየርኩ።

ከፖስተሩ በላይ የሚገርመኝ ግን ሻጮች ይዞታውን የሚገልጹበት ቋንቋ ነው። ልክ እንደ ቀብር ላይ ንግግር ነው፤ ክፉ አይወራም። ከሁሉ በላይ «እንከን የለሽ» የሚባል ደረጃ አለ። በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ቀጥሎ «እንከን የለሽ ለመባል ጥቂት የቀረው» ይመጣል። ዝቅ ሲል «በጣም ጥሩ» ላይ ትደርሳለህ። «በጣም ጥሩ» ማለት እጥፋቱ ላይ መሰንጠቅ የጀመረ፣ አራቱም ጥግ በስፒል የተበሳሳ ማለት ነው። «ጥሩ» ከተባለ አይድረስብህ! «ጥሩ» ማለት ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ፕላስተሩ ረግፎ ቢጫ ጠባሳው የቀረ፣ ጀርባው ላይ አንዱ በእስክሪብቶ የሂሳብ መደመር የሠራበት ማለት ነው። መደመሩም ስህተት ነው። ከ«ጥሩ» በታች ስላሉት አላወራም፤ ይህን ልጆችም ሊያነቡት ይችላሉ።

ቋንቋው ደግሞ ይጋባል። አማቴን ታመው ጠይቄ ስመለስ ባለቤቴ «እማዬ እንዴት ናት?» አለችኝ። «ለዕድሜያቸው በጣም ጥሩ ናቸው፤ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነው ትንሽ የተጎዱት» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ እንኳ አልታወቀኝም። ያን ዕለት እራቴን ለብቻዬ በላሁ።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። አንድ ሻጭ የ1950ዎቹ የአሜሪካ ፖስተር አለኝ አለ። ፎቶውን ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እጥፋት የለውም። ቀዳዳ የለውም። ቀለሙ ትናንት የታተመ ይመስላል። (በኋላ ሳስበው «ይመስላል» የምትለዋ ቃል ትርፍ ነበረች።) ዋጋውን አልናገርም፤ ባለቤቴም ማንበብ ትችላለች።

በካርቶን ቱቦ ተጠቅልሎ መጣ። እጄን ሁለቴ ታጠብኩ። ምንጣፉ ላይ ዘርግቼ በአራቱ ጥግ አራት መጽሐፍ ጫንኩበት። ከዚያ ተንበርክኬ እያንዳንዷን ጣት የምታህል ቦታ በስስት አየሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«እኔን እንዲህ ትኩር ብለህ ያየኸኝ መቼ ነው?»

«አንቺማ ምን ይታይብሻል? እንደሱ እጥፋት የለሽም» አልኳት። ደስ አላት። ለአንድ ሳምንት ሙሉ ቤታችን ሰላም ነበር።

በሳምንቱ ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሰብሳቢ መጡ። ጋሼ ሥዕሉን አላዩትም። ከኪሳቸው ሜትር አወጡ።

«27 በ40» አሉ። ዝም አሉ። «የዚያን ዘመን ፖስተር 27 በ41 ነው።»

«ጋሼ፣ አንዲት ኢንች እኮ ናት!»

«አዎ፣ አንዲት ኢንች ናት» አሉ፣ መርዶ በሚነገርበት ድምፅ።

ቀጥለው አጉሊ መነጽራቸውን ሰጡኝ። «የርዕሱን ፊደል እየው። ምን ይታይሃል?»

«ነጠብጣብ።»

«ፊደሉ ድፍን ቀለም መሆን ነበረበት። ይሄ ከሌላ ፖስተር ላይ ፎቶ ተነስቶ የታተመ ነው። እጥፋቱስ የታለ?»

«እሱ እኮ ነው ጥሩነቱ!»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ፖስተር ለሲኒማ ቤት ይላክ የነበረው እንደ ደብዳቤ ታጥፎ ነው። ሦስቴ በአግድም፣ አንዴ በቁም። ሳይታጠፍ የተረፈ ከስንት አንዱ ነው። «እጥፋት ጠባሳ አይደለም፣ መታወቂያ ነው» አሉኝ። እኔ ለካ ገንዘቤን የከፈልኩት መታወቂያ ስለሌለው ነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ስልኩ «እንከን የለሽ» ዝምታ ላይ ነው።

ማታ ለባለቤቴ እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ እንዲያውም አዘነችልኝ።

«ኮፒ መሆኑን በምን አወቁ ግን?»

«ቀላል ነው። እጥፋት የለውም። እጥፋት የሌለው ነገር ሲያጋጥምሽ ወዲያው መጠርጠር...»

አፌን ያዝኩ። ግን ረፍዷል። ሹራቧን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ያን ዕለት እኔን ምን ነበር ያልከኝ?»