ጎጃምን ማን ጠየቀው?

እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ምርጫ ሦስት ቀን ሲቀረው ከአዮዋ ግዛት አንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ወጣ። ካማላ ሃሪስ 47፣ ዶናልድ ትራምፕ 44 ከመቶ ይላል። ጥናቱን የመሩት አን ሴልዘር በትክክለኛነታቸው ለዓመታት የተመሰከረላቸው ባለሙያ ስለነበሩ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ሌላ ወሬ አጣ። እዚህ ቨርጂኒያ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እንኳን የሚወራው ስለ አዮዋ ነበር። ማክሰኞ ድምፅ ተሰጠ፤ ትራምፕ አዮዋን በ13 ነጥብ ገደማ ልዩነት አሸነፉ።

የተጠየቀው 808 ሰው ነው። ለዚህ ያህል ናሙና የስሕተት ህዳጉ፣ ማለትም ቁጥሩ ከእውነተኛው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ ከሦስት ነጥብ በላይ ይሆናል፤ ያም ለአንዱ እጩ ቁጥር ነው እንጂ በሁለቱ መካከል ላለው ልዩነት ሲሆን እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ የሦስት ነጥብ ብልጫ ገና ከጅምሩ «እየመሩ ነው» ለማለት የሚያበቃ አልነበረም። ይህን ማንም የስታቲስቲክስ ተማሪ ያውቀዋል። ጋዜጠኛውም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ህዳጉ ከማያ ገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ሲጻፍ ብልጫው በትልቁ ይነበባል። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው። አጥኚው ጥንቃቄውን ጽፎ ይሰጣል፤ ዜና አንባቢው ጥንቃቄውን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ ይዞ ይወጣል።

ይሁንና 16 ነጥብ (የሃሪስ 3 ሲደመር የትራምፕ 13) መሳት በስሕተት ህዳግ የሚመካኝ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ ችግር ተጠያቂው መጥፋቱ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እንዳስታወቀው በስልክ ለሚደረግ ጥናት መልስ የሚሰጠው ሰው እ.ኤ.አ. በ1997 ከመቶ 36 ነበር፤ በ2018 ወደ 6 ወርዷል። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች የማያውቁት ቁጥር ሲደውል ስልኩን ገልብጠው ያስቀምጡታል። እንግዲህ መልስ የሚሰጡት ስድስቱ ዝም ካሉት ዘጠና አራቱ ጋር ይመሳሰላሉ ወይ? አጥኚዎቹ በዕድሜ፣ በትምህርት፣ በመኖሪያ አካባቢ እየመዘኑ፣ ያነሰውን ወገን መልስ ክብደት እየጨመሩ፣ ያስተካክላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በየግዛቱ ከተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ የትምህርት ደረጃን ሳያመዛዝኑ በመቅረታቸው እነ ዊስኮንሲንና ሚሺጋን ማንም ሳይጠብቅ ወደ ትራምፕ ሄዱ። ስሕተቱን መርምረው ይፋ ያደረጉት ግን የሙያው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ይህን አከብርላቸዋለሁ።

የአገሬን ነገር ሳስብ ሚዛኑ ይገለበጥብኛል። እዚህ ሰው ዝም የሚለው ሰልችቶት ነው፤ እዚያ ግን የሚናገረው ፈርቶ ነው።

ከጦርነቱ በፊት አገር ቤት በሄድኩበት ጊዜ ሞጣ አካባቢ አጎቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ታብሌት የያዘ ወጣት ከቀበሌ ሰው ጋር መጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ የጫማውን ጭቃ አራግፎ ገባ፣ ጠላ ቀርቦለት ቀመሰ። «አባባ፣ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎ ነው፤ ስምዎ አይጻፍም» አለ። አጎቴ መጀመሪያ እሱን ጠየቁት። የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው? ማን ላከህ? ወጣቱ የድርጅቱን ስም ተናገረ፤ አጎቴ ግን ዐይናቸውን በሩ ላይ ወደ ቆመው የቀበሌ ሰው መለስ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ ሁሉ አንድ ነበር። የወረዳው አስተዳደር? «መልካም ነው።» ፍርድ ቤቱ? «መልካም ነው።» መንገዱስ? «እግዜር ይመስገን፣ መልካም ነው።» ያ መንገድ ክረምት ሲገባ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ተሸክመው የሚያወጡበት ማጥ ነው። ልጁ ሁሉንም መዘገበ። እንግዶቹ ሲወጡ አጎቴ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ እሱ ነገ ይሄዳል፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አሉኝ።

ይህን ውሸት የሚል ሰው የጎጃምን ገበሬ አያውቀውም። ሊጠይቅና ሊመዘግብ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመለስ ገበሬው ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ሕዝብ ያመፀው ስለ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ማሳውን ሊገምቱ የመጡት ሰዎች ነገ ርስቴን ይነጥቁኛል ብሎም ነው። አመፁ በአውሮፕላን ጭምር ከተደበደበ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴን አንሥተው ውዝፍ ግብር ማሩ። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ድልድል ደግሞ «ቢሮክራት»፣ ማለትም በቀድሞው ሥርዓት ባለሥልጣን የነበረ፣ ተብሎ የተመዘገበ ገበሬ ከሌላው ተለይቶ መሬቱ ተቀነሰበት። አንዲት ቃል መዝገብ ላይ ስትሰፍር ማሳ እንደምትወስድ ያየ ሰው፣ «ስምዎ አይጻፍም» ስለተባለ ብቻ ሆዱን አይከፍትም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያልፋል።

አፍሮባሮሜትር የተባለው በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠና ተቋም ይህን ችግር ስለሚያውቅ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው «መንግሥት» ይላል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ 2,400 ያህል ሰው ሲጠይቅ አብዛኛው አገሩ ዴሞክራሲያዊት መሆኗን መሰከረ። ከተቋሙ ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች ራሳቸው ይህ መልስ የፍርሃት ነው፣ የመረጃ እጦት ነው፣ ወይስ ሕዝቡ ዴሞክራሲን የሚረዳበት የተለየ መንገድ አለው ብለው በጽሑፍ ጠየቁ። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጎዳናዎች በተቃውሞ ሰልፈኛ ተሞሉ፤ ደምም ፈሰሰ። በዚያ ሰልፍ ከወጡት ውስጥ ከሦስት ዓመት በፊት በዚያ ጥናት ጠያቂ ቢመጣባቸው «መልካም ነው» የሚሉ ስንቶች ይኖሩ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ደግሞ እኛ በውጭ ያለነው የጨመርነው ችግር አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በእነዚያ ወራት በቴሌግራምና በዩቲዩብ «የአማራ ሕዝብ ምን ይላል?» የሚል ምርጫ ይከፈታል፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጫናል፣ ማታ ላይ ከዘጠና በላይ የሆነ መቶኛ ተይዞ «ሕዝቡ ወሰነ» ተብሎ ይነበባል። የትኛው ሕዝብ? ብቸና ያለው ገበሬ በዚያ ጊዜ ኢንተርኔት አልነበረውም። ፍኖተ ሰላም ያለች እናት ልጇ የት እንዳደረ አታውቅም ነበር። የተጫኑት ጣቶች የሚኒሶታና የፍራንክፈርት ናቸው። በአገር ቤቱ ቴሌቪዥን ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ተመርጠው የተቀመጡ አራት አምስት ሰዎች ተናግረው ሲያበቁ «ነዋሪዎች ገለጹ» ይባላል። ሁለቱም ወገን ጎጃምን ሳይጠይቅ በጎጃም ስም ይምላል። በሁለት መሣሪያ መካከል ለቆመ ሕዝብ ይህ ቀላል በደል አይደለም፤ ባልተጠየቀው ፈቃዱ ስም ነገ ልጆቹ ይሞቱበታል።

የተጠያቂው ብዛት እንደማያድን አሜሪካኖቹ ከረጅም ጊዜ በፊት አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን መጠይቅ በትኖ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ በፕሬዚዳንት ምርጫው የሩዝቬልት ተፎካካሪ ላንደን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክ የሌለው መራጭ አልተጠየቀም። በጣም ባነሰ ናሙና የሠራው የሕዝብ አስተያየት አጥኚ ጋሉፕ ውጤቱን ቀድሞ ተናገረ። የእኛ የቴሌግራም ቆጠራ የዚያ መጽሔት ወንድም ነው።

ትክክለኛ ጥናት ይደረግ ቢባልም መነሻው ራሱ አርጅቷል። ናሙና የሚወጣው ከቆጠራ ነው፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን እሱም በአማራ ክልል ቁጥር ላይ እስከ ፓርላማ የደረሰ ጥያቄ አስነሥቷል። ቀጣዩ ተራዝሞ ተራዝሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ወደ ከተማ ገባ፣ ስንቱ ተፈናቀለ፣ ስንቱ ተወለደ።

ስለዚህ በአማርኛ የምታሰራጩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቁጥር ስታነቡ ማን እንደጠየቀ፣ ማን ገንዘቡን እንደከፈለ፣ ስንት ሰው፣ መቼ፣ በምን መንገድ፣ በማን ፊት እንደተጠየቀ አብራችሁ አንብቡልን። ይህን የማታውቁ ከሆነ ቁጥሩን ተዉት። ጎጃምን ለመስማት የምር ከፈለጋችሁ ደግሞ ማንን እንደሚደግፍ አትጠይቁት፤ ዛሬ ለዚያ መልስ የሚሰጥበት ደኅንነት የለውም። ማዳበሪያ ደርሶት እንደሆነ፣ በስንት እንደገዛው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ገብታ እንደሆነ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት እንዳለው ጠይቁት። አጎቴም ቢሆኑ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የጠየቃቸውን ሰው «መልካም ነው» ብለው አይሸኙትም።