አብሽር፣ ትሄዳለች

እንኳን ደስ ያለን! ፊያት 128ን ከመንገዳችን አጽድተን ጨርሰናል ማለት ይቻላል። ደሴን ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ዞራችሁ አንዲት በራሷ የምትሄድ ካገኛችሁ ዓይናችሁ ቡሩክ ነው።

ጣልያኖች በ1969 እ.ኤ.አ. አወጧት፤ በ1970 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች። ምን ዋጋ አለው፣ ያኔ የሐረጎን ቁልቁለት አላየችም።

በሐረጎ ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ሞኝ ሹፌር በማርሽ ይወርዳል፣ ሞተሩ መኪናዋን እየያዘለት። የኛ ብልህ ማርሹን አውጥቶ፣ ፎሌ አድርጎ ነዳጅ ይቆጥባል። ፍሬኑ ግሎ ሲሸት "ማነው የሚያጨሰው?" ብሎ መስኮት ይከፍታል። በቆጠባት ሳንቲም የፍሬን ሸራ ይገዛል፤ የጎደለውን ተበድሮ።

ሽቅቡ ደግሞ የፍቅር ነው። ለአምስት ሰው በተሠራች 1116 ሲሲ መኪና ስምንት ሆነን፣ ጤፉን ፖርቶመጋላው ላይ፣ ሙክቱን ከኋላ አድርገን እንወጣለን። ራዲያተሩ ሲፈላ ከቦርከና በሃይላንድ የተቀዳ ውሃ ይቸለስበታል፤ ከነደለሉ፣ ማዕድን አለው። ቴስታታዋ፣ የሞተሩ ክዳን፣ አሉሚኒየም ነው፤ ግለቱ ሲደጋገም ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል፣ ውሃና ዘይት ይጋባሉ። የአጎቴን መኪና የዘይት መለኪያ መዝዤ አይቻለሁ፦ ወተት የበዛበት ማኪያቶ። አሳየኋቸው። "አብሽር፣ ትሄዳለች" አሉና ሄዱ። ገራዶ ሳይደርሱ ቆመች።

መርሴዲስ ብትሆን ቅርስ ናት ተብላ ሸራ ትለብስ ነበር። ይቺ ግን ርካሽ ናት፤ ቴስታታ ማስቀየሪያው ከራሷ ዋጋ በለጠ። ስለዚህ እንደ ቅርጫ በሬ ተካፈልናት። ካርቡራተሯ ለአንዱ፣ በሯ ለሌላው፣ ላሜራዋ በኪሎ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ። ቅርጫ ላይ እኮ የወሎ ሰው አይጣላም።

ያስቸገረችን ላዳ ናት። ሩሲያዎቹ ከፊያት 124 ሲቀዷት ላሜራዋን አወፈሩት፤ የኛን ፍቅር ሰምተው ነበር መሰለኝ። አብሽሩ፣ እሷንም እየሠራንባት ነው።

የአጎቴ መኪና የኋላ ወንበር ዛሬም ሳሎናቸው አለ። በረካው ሲቀዳ እሷ ላይ ደገፍ ይሉና ለእንግዳው ይተርካሉ፦ "ምን የመሰለች ነበረች! እስክትሞት ድረስ እኮ ሞተሯ አንድ ቀን አልተነካም።"