ቦርከና አባይ አይገባም

ወንድሜ፣ የጉዞ ማስታወሻህን ወድጄዋለሁ። ግን «ቦርከና ከኮምቦልቻ ወርዶ አባይን ይቀላቀላል» ያልከው ልክ አይደለም። እኛም ደሴ ስናድግ እንዲሁ ይወራ ስለነበር የወሎ ወንዝ ሁሉ አባይ የሚገባ ይመስለን ነበር። አባይ የሚገባው በምዕራብ በኩል ያለው በሽሎ ነው። ቦርከና ግን ደሴን አቋርጦ በዶሮ መዝለያ ገደል ይወርድና ኮምቦልቻን፣ ሐርቡንና ከሚሴን አልፎ፣ የጨፋን ሜዳ አርሶ፣ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። እባክህ ይህችን አስተካክልልን፣ ብዙ ሰው አምኖ እያጋራት ነው።

የድሮ የወንዝ ዳር ከተማ ማየት ከወደድክ ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ ውረድ። ሰኞ ከሆነ የባቲ ገበያ እንዳያመልጥህ። ከዚያ ዱብቲና አሳይታ። አሳይታ የአውሳ ሱልጣኖች መቀመጫ የነበረች የአዋሽ ዳር ከተማ ናት። ዱብቲ አካባቢ በንጉሡ ዘመን ለጥጥ እርሻ የተቆፈሩ ቦዮች አሉ። እኔ ያየሁት አንዱ ግማሽ ድረስ ደለል ሞልቶት ነበር፤ ልጆች ጎንበስ ብለው ቡናማውን ውሃ በጀሪካን ይቀዳሉ። ከዚያ ውሃ ውስጥ የኛው የቦርከና ድርሻ አለበት።