እምቦጭ ብቻ አይደለም
«የጣናን ዓሣ የጨረሰው እምቦጭ የተባለው የውኃ ላይ አረም ነው» የሚለው ላይ አልስማማም። እምቦጭ ሐይቁ ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ነጩ ዓሣ (ባርበስ የሚባለው) ግን ከዚያም በፊት እያለቀ ነበር። ያደግሁት ጉማራ ወንዝ አጠገብ ነው። ይህ ዓሣ ክረምት ላይ እንቁላል ሊጥል ከሐይቁ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣል። ልክ በዚያ ሰዓት አጥማጆች የወንዙን አፍ በመረብ ይዘጉበታል። እናቲቱ ከነእንቁላሏ ትያዛለች! በዚያ ላይ ርካሹ የላስቲክ መረብ መጣ። ተቀዶ ውኃ ውስጥ ቢቀር እንኳ አይበሰብስም፣ ማጥመዱን ይቀጥላል። እርሻውም ሐይቁን ይጎዳል ሲባል «ገበሬው ምን አጠፋ?» የሚሉ አሉ፤ እኔም ገበሬውን አልወቅስም፤ ሐይቁ ዳር ያለው የፎገራ ሩዝ ስንቱን ቤት አቁሟል። ግን ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ተመንጥሮ እስከ ውኃው ጫፍ ሲታረስ፣ ማዳበሪያው ከአፈሩ ጋር ታጥቦ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። እምቦጩም የሚፋፋው በዚሁ ነው።