እናንተ የወሎ ልጆች፣ ስማችሁን ማን ያንብበው?

እስቲ ቁጭ በሉ። ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። የጎረቤት ቁጣ ስለሆነ አቦሉ እስኪወርድ ታገሡኝ።

በቀደም ደሴ ፒያሳ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሻይ እየጠጣን ነበር። መምህር ነው፤ ዓይኑ አያይም። ስልኩን ጆሮው ሥር አስጠግቶ ነው የሚያነበው። ቶክባክ የሚባል ነገር አለ፤ ጣቱ የነካውን ሁሉ በድምፅ ይነግረዋል። እና ፌስቡክ ላይ የጓደኝነት ጥያቄ መጣለት። ስሙን ነካ። ስልኩ ቀጠለ፦ "ማቲማቲካል ቦልድ ስክሪፕት ካፒታል ኤም። ማቲማቲካል ቦልድ ስክሪፕት ስሞል ኢ። ማቲማቲካል ቦልድ ስክሪፕት ስሞል..."

"ምንድን ነው ይኼ? ፈተና ነው እንዴ?" አለኝ።

አየሁለት። የድሮ ተማሪው ናት። ስሟን በዚያ በተጠማዘዘው፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ በሚመስለው ፊደል ጽፋዋለች። ለእኔ ዓይን ታምራለች። እሱ ግን እኔ አጠገቡ ባልኖር ሊሰርዛት ነበር። "የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ እቀበላለሁ?" ነው ያለኝ። ምን ልበለው?

ስልኩ አልተሳሳተም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው። እናንተ "ፎንት" የምትሉት ፎንት አይደለም። ዩኒኮድ የሚባል መዝገብ አለ፤ የዓለም ፊደል ሁሉ በየቁጥሩ የተመዘገበበት። በፈረንጆቹ 2001 ለሒሳብ ሰዎች ተብሎ የተለየ የላቲን ፊደል ተጨመረበት። ለእነሱ ፎርሙላ ውስጥ ቀጥ ያለው ኤች ሌላ፣ ጥምዝምዙ ኤች ሌላ ነገር ነው፤ መምታታት የለበትም። እናንተ ከኢንተርኔት "ስም ማሳመሪያ" እየገባችሁ ኮፒ የምታደርጉት ያንን ነው። ለዓይን ሐና (Hana) ትመስላለች፤ ለስልኩ ግን አራት የሒሳብ ምልክት ናት።

የእኛ ፊደል እዚያ መዝገብ የገባው ገና በ1999 ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ። ከዚያ በፊት በኮምፒውተር አማርኛ የጻፈ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ቤት የተጻፈው ሌላው ቤት ሲከፈት ጉድ ነበር፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አቆጣጠር ነበረው። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍሎፒ ይዞ ማተሚያ ቤት ሲደርስ የሚያገኘው የኮከብና የጥያቄ ምልክት ጫካ ነው። ያ ሁሉ መከራ ያለቀው "ሀ" የትም ብትሄድ "ሀ" እንድትሆን ስለተስማሙ ነው። ያቺን ስምምነት ነው አሁን በገዛ እጃችን የምናፈርሳት።

ደግሞ አንድ የሚያስቀኝ አለ። እነዚሁ ማሳመሪያዎች ውስጥ የእኛን ፊደል ለጌጥ የሚያውሉም አሉ። ፈረንጁ "ሄሎ" ለማለት "ዘቿረረዐ" ብሎ ይጽፋል። "ዘ" ኤች ትመስለዋለች፣ "ረ" ኤል። አንብቡት እስቲ ጮክ ብላችሁ። ዘ-ቿ-ረ-ረ-ዐ! እኛ የሱን ስንጠመዝዝ እሱ የእኛን ይጠመዝዛል። የተሰማችሁን ያዙት፤ ወዳጄም ስሟን ሲሰማ የተሰማው እሱው ነው።

ማማር አትውደዱ አላልኩም። ለወሎ ልጅ ይህ ይባላል? ሹሩባው፣ ጥልፉ፣ ኩሉ፣ ሁሉም ያምርባችኋል። ግን አያቶቻችን ጌጡን የት እንደሚያኖሩ ያውቁ ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት፣ መጽሐፍ የተጻፈበት ቦታ ነው። የድሮ ብራና ያየ ሰው ሐረጉን ያውቀዋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ እየተጠላለፈ ከገጹ አናት ይሳባል፤ በጎን ይወርዳል። ከሥሩ ያለው ፊደል ግን ድርቅ ብሎ ቆሞ ይነበባል። ጸሐፊው "ለ"ን ሐረግ አላደረጋትም። የወሎ ዑለማዎችም አማርኛውን መንዙማ በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀም ሲጽፉት ፊደሉን የቀየሩት ደረሳው እንዲያነበው ነው። በሚያውቀው ፊደል ሰጡት፣ አነበበው፣ አዜመው።

የሱቅ ልጆች፣ እናንተማ የባሰባችሁ ናችሁ። ባለፈው ለእህቴ ልጅ ቀሚስ ልገዛ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ሱቅ ቴሌግራም ላይ ፈለግኩ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል። ጻፍኩ፣ የለም። በሌላ ስፔሊንግ ጻፍኩ፣ የለም። ለካ ባለቤቱ የቻናሉን ስም በሒሳብ ፊደል አሽሞንሙኖታል። ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። እንደው በ"ሀ"፣ በ"ሐ" እና በ"ኀ" መካከል ሰው መፈለጉ አንሶን ነው?

የአሮጌ ስልክ ነገር ደግሞ አለ። ገጠር ያለችው አክስታችሁ ስልክ ላይ ያ ሁሉ ውበት ካሬ ካሬ ሆኖ ነው የሚታየው። ባዶ ሣጥን ተደርድሮ። "ልጄ ስሟን ለምን ደበቀች?" ትላለች።

አንዳንዱማ ግሩፕ ላይ ማስታወቂያውንም በዚሁ ይለጥፈዋል። የቅሬያችን፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ ግሩፕ ላይ አንዱ ጎረምሳ የስብሰባውን ቀንና ሰዓት በላቲን፣ ያውም በተከበበ ፊደል ጽፎ ለቀቀው። ካልመጡት ሽማግሌዎች ቅጣት ሊጠየቅ ነበር እኮ! የድሮው ለፋፊ ጉሮሮው እስኪደርቅ በየደጁ የሚጮኸው ለምን ይመስላችኋል? አንድም ቤት "አልሰማሁም" እንዳይል ነው።

ስማችሁን በተራ ፊደል ጻፉት። መልኩ ያማራችሁ እንደሆነ ፎቶው አለላችሁ፤ እሱን እንደ ልባችሁ አስጊጡት። ከስሙ ጎን አንድ አበባ ብትተክሉም አልጣላችሁም። አሥራ አምስት ግን አትትከሉ፤ ቶክባክ አንድ በአንድ ነው የሚቆጥራቸው።

ካላመናችሁኝ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አንሡ። ሴቲንግ፣ ከዚያ አክሰሰቢሊቲ፣ ከዚያ ቶክባክ። ክፈቱትና የራሳችሁን ስም ንኩ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ብቻ ስትከፍቱት አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከዚያ በኋላ ስልኩ በአንድ ንክ አይታዘዝም፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መምታት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከፍቼው፣ ማጥፋቱ አቅቶኝ፣ ሚስቴን ከእንቅልፏ የቀሰቀሰ ወሬ ሲያወራብኝ አድሯል። ጠዋት ያጠፋልኝ ያው ዓይኑ የማያየው ወዳጄ ነው።