እምቦጭ በራሱ እግር አልወጣም

የጎጃም ሰዎች፣ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ መራዊ አጠገብ ነው። አንድ ሀብታም ሰው ግቢያቸው ውስጥ ገንዳ አሠርተዋል። ገንዳው ላይ ሐምራዊ አበባ ተንሳፏል። ሰው እየገባ ፎቶ ይነሳል፤ ሙሽሮች ሳይቀሩ ተነስተውበታል። አበባው እምቦጭ ነው፤ ያ ጣናን የወረረው ተንሳፋፊ አረም። ከጣና ማዶ በባልዲ ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ይህንንም በኩራት ያወራሉ።

ነሐሴ ላይ ገንዳው ጢም ብሎ ሞላ። ውሃው አልታይ አለ። ሠራተኛው በእጅ ጋሪ እየጫነ ከአጥሩ ጀርባ ካለው ቦይ ይደፋው ጀመር። ቦዩ ደግሞ ጎርፍ ነው። አንዱን አንስቼ አየሁት። አገዳው እብጥ ብሎ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር ይዟል፤ የማይሰጥመውም ለዚህ ነው። ከጎኑ ቀጭን ክንድ ዘርግቶ ጫፉ ላይ ሌላ ልጅ አውጥቷል። ልጁም በተራው ክንዱን መዘርጋት ጀምሯል። ሲመቸው እንዲህ እየተዋለደ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እምቦጭ ነው። ቦዩ ቆጋ ወንዝ ይገባል» አልኳቸው።

«አንተ ልጅ፣ አበባ ነው። ደግሞ እምቦጭ የወዲያ ማዶ ጣጣ ነው፤ እዚህ ምን ያመጣዋል?» አሉኝ።

እዚህ ምን ያመጣዋል! የእርስዎ ባልዲ ነዋ!

እሳቸውን እንኳ ይቅር ልል እችላለሁ፤ አላወቁም ልበል። ይቅር ማለት ያቃተኝ በር ላይ ቆሞ ሲያይ የነበረውን ሰው ነው። ሁሉም ሰምቷል። አንዱ «ተወው፣ ጎርፍ ይወስደዋል» አለ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። «ኧረ ተው» የሚል አንድ አፍ ጠፋ። እናንተ ግን ታውቃላችሁ! በ2013 ዓ.ም የዘመቻው ሰሞን ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል በቴሌቪዥን አይታችሁ ከንፈር መጥጣችኋል። ጣና ጣና ስትሉ ከርማችኋል።

ጎርፍ ይወስደዋል። የት? ቆጋ ግልገል አባይ ይገባል። ግልገል አባይ ለጣና ከሚገብሩት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ነው። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ የሚነሳ፣ ጫማ አውልቀን የምንጠመቅበት ውሃ ነው። በ2004 ዓ.ም ጣና ላይ መኖሩ በይፋ ከታወቀ ወዲህ እምቦጭ በብዛት የወረረው ሰሜኑንና ምሥራቁን ዳርቻ፣ ደምቢያን፣ ፎገራን ነው። እኛ በዚያ ተጽናንተን ተኛን። የጎንደር በኩል ነው አልን። ሐይቁ ግን አንድ ነው። ከዚያ ማዶ እዚህ ከፍታ ድረስ እምቦጩ በራሱ እግር አልወጣም፤ የእኛው ሰው ተሸክሞ አወጣው፤ እኛም ቆመን አየን።

ንዴቱ ሲበርድልኝ ሐዘኑ ይመጣል። ጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሳ ዝርያዎች አሉ፤ ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በወንዞቹ ሽቅብ ይጓዙና ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ልክ እኛ እምቦጭ በምንደፋበት ወራት! እምቦጭ ውሃውን ከሸፈነ ብርሃን አያልፍም። ከሥሩ ያለው ውሃ አየር ያጥረዋል፤ ዓሳው ይታፈናል። ታንኳ የምንሠራበትን ደንገልም ቦታውን ይነጥቀዋል። የእምቦጭ አገሩ አማዞን ነው። እዚያ እየበሉ ልክ የሚያስገቡት ነፍሳት አሉ፤ እዚህ የመጣው እነሱን ጥሎ ነው። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ዛሬ በጋሪ የደፋነውን የሚነቅሉት ልጆቻችን ናቸው ማለት ነው። ቅንጬ አረምም ማሳችን የገባው እንዲሁ እያየነው ነበር።

እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ይላል ያገራችን ሰው። ይኸው በፎቶ እየሳቅን እየተወሰድን ነው።

ምክር ደክሞኛል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ጥያቄ የጠየቀኝ ጋሪውን የሚገፋው ልጅ ብቻ ነበር። ጋሪውን አቁሞ «ታዲያ የት ልድፋው?» አለኝ። «ከውሃ አርቀህ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ዘርግተህ አድርቀው፤ ከዚያ አቃጥለው» አልኩት። የቀረውን አብረን አወጣነው። የሄደው ግን ሄዷል።

ስለዚህ በቦዩና በወንዙ ዳር የምትውሉ፣ ከብት የምታጠጡ፣ ልብስ የምታጥቡ፣ ሽንኩርት የምታለሙ፣ እባካችሁ ዓይናችሁን ክፈቱ። ያንን ሐምራዊ አበባ ካያችሁ ዘር ሳይጥል ከነሥሩ አውጡት። ቁራጭ አትተዉ። ለጌጥ የያዘ ጎረቤት ካላችሁ ሳታፍሩ ንገሩት። መስከረም ሲያልቅ ጎርፉ ይቀንሳል፤ ዳር ዳሩን ማየት ይቀላል። ያኔ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ። እኔና ያ ልጅ ከቆጋ እንጀምራለን።